ግራር፦ የይፋግ ሜዳ ጥላና ጣጣው

ለይፋግ ሰው ስለ ግራር ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይመስላል። እረኛው ቀትር ላይ የሚጠለለው በግራር ሥር ነው። ገበሬውም በሬዎቹን ፈትቶ ምሳውን የሚበላው፣ ከበላ በኋላም ጋቢውን ተንተርሶ ጋደም የሚለው እዚያው ነው። ይሁን እንጂ ይህ የሰፈር ዛፍ ከሃያ ዓመት በፊት ማንም ባልጠበቀው ጉዳይ ስሙ ተነሣ። ብዙ ሰው የጨረሰ ወረርሽኝ መነሻው ሲፈለግ፣ ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ የግራር ጥላ ሆኖ ተገኘ።

ይፋግ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከተማዋን ከፎገራ ወረዳ ጋር የሚያያይዛት ወደ ጣና የሚዘረጋው ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ከአፋቸው እየሞሉ ደለላቸውን የሚያለብሱት ይህ ሜዳ፣ ዛሬ በሩዙ አገር ያውቀዋል። አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እግር ይይዛል። በበጋ ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እጅ የሚያስገባ ስፋትና ዓይን የማይደርስበት ጥልቀት ይኖረዋል።

በእንዲህ ያለው መሬት ብዙ ዛፍ አይበረታም። ክረምቱን ሥሩ ውኃ ውስጥ ይከርማል፤ በጋውን ደግሞ አፈሩ ሲሰነጠቅ ሥሩ ይጎተታል፣ ይበጠሳል። ግራር ግን ይችለዋል። ከግራሮች መካከል በተለይ ዋልካ የሚስማማው ዝርያ አለ፤ ቅርፊቱ ቀላ ያለ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ሲነኩት ዱቄት የሚመስል ብናኝ የሚተው፣ እሾሁ ነጭና ቀጥ ብሎ ሁለት ሁለት እየሆነ የሚወጣ፣ አበባው ቢጫ ድቡልቡል የሆነ ዛፍ ነው። ከሱዳን ሜዳዎች አንስቶ እስከ መተማና ሑመራ ቆላ ድረስ የጥቁር አፈር ዋነኛ ዛፍ እሱ ነው። ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ከአየር የሚገኘውን ናይትሮጅን ወደ አፈር ስለሚያስገባ መሬቱን ያዳብራል። ቅጠሉና ፍሬው ሣር በሚጠፋበት ወቅት ለፍየልና ለከብት መኖ ይሆናል። አበባውን ንብ ትቀስመዋለች፤ እንጨቱ ለማገዶና ለከሰል ተመራጭ ነው። ሰው ኩበት በሚያነድበት አገር ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ወረርሽኙ የመጣው በዚህ ሁሉ መሀል ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ቀበሌዎች ሳምንታት አልፎ ወራት የሚቆይ ትኩሳት ሰው ማጥቃት ጀመረ። የታመመው ሰው ሥጋው ያልቃል፣ ደሙ ይቀንሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። መጀመሪያ የተጠረጠረችው ወባ ነበረች። መድኃኒቷ ተሰጠ፤ በሽተኛው ግን አልዳነም፤ ወባው መድኃኒት የተላመደ መሰለ። ከጤና ጣቢያ ተስፋ የቆረጠው ወደ ጠበልና ወደ ባህል ሐኪም ሄደ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የግሪክ ክፍል ከጤና ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ የሕክምና ማዕከል አቋቋመ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች እዚያ ታከሙ።

ካላዛር ካልታከመ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኛዎቹን ይገድላል። ሐኪሞቹን ይበልጥ ያስደነገጣቸው ግን ቦታው ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛር ይታወቅ የነበረው የቆላ በሽታ ተብሎ ነው፤ የሑመራና የመተማ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ሠራተኞች ጣጣ ነበር። ይፋግና አካባቢዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ናቸው። ከታመሙት መካከልም ቆላ ወርደው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ይህ ማለት በሽታው እዚያው በሰፈሩ መተላለፍ ጀምሯል ማለት ነው።

አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ናት። ርዝመቷ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፀጉራም ናት፤ ስታርፍ ክንፎቿን እንደ ወባ ትንኝ ጀርባዋ ላይ አታጥፍም፣ ወደ ላይ ከፍታ ታቆማቸዋለች። ስትበር ድምፅ የላትም፤ ነፋስ ስለሚያሸንፋትም ሩቅ አትሄድም፣ መሬት ለመሬት እየዘለለች ትጠጋለች። ሰው የምትነክሰው ሴቷ ናት፤ እንቁላል ለመጣል ደም ያስፈልጋታል። በበሽተኛው ደም ውስጥ ያለውን ጥገኛ ተሕዋስ ወስዳ ለጤነኛው የምታቀብለውም በዚሁ ጊዜ ነው። በእኛ አካባቢ ካላዛርን የምታዛምተው ዝርያ ወዳጅነቷ ከዋልካ ጋር ነው። በበጋ የተሰነጠቀው አፈር ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው ስለሆነ ቀን ከፀሐይ የምትሸሸው እዚያ ነው። የግራሩ ጥላ ደግሞ ያንን አፈር ከሐሩር ይጠብቅላታል፤ የረገፈው ቅጠልም በስብሶ አፈሩን ያበለጽጋል። ክረምቱ ገብቶ አፈሩ ሲያብጥ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ዝንቧም ትመናመናለች።

ተመራማሪዎች የታመሙትንና ያልታመሙትን የሊቦ ከምከምና የፎገራ ነዋሪዎች አነጻጽረው ያደረጉት ጥናት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2009 ታትሟል። ከበሽታው ጋር ተያይዘው የተገኙት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ሌሊት ደጅ የማደር ልማድ፣ ውሻ ማሳደግ፣ ቀን ደግሞ ግራር ሥር መተኛት። ይህን ውጤት በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ዝንቧ በአብዛኛው የምትነክሰው ከመሸ በኋላ ነው፤ በቀን ግን ሰው መደበቂያዋ ላይ ሲጋደም ልትነክሰው ትችላለች። ግራር ሥር የሚተኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሜዳ የሚውል፣ ሲመሽም ከብት ወይም ሰብል ሲጠብቅ ደጅ የሚያድር ሰው መሆኑም አይዘነጋም። ጥናቱ ግራር በሽታ ያመጣል አላለም። የት፣ መቼ፣ እንዴት እንደምንተኛ እንድናይ ነው የጠቆመን።

የግራርና የካላዛር ታሪክ ከእኛ የከፋ ገጽ አለው። በደቡብ ሱዳን የላይኛው ናይል ምዕራባዊ ክፍል በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመጣ ታላቅ ጎርፍ የግራሩን ደን አጠፋው። ደኑ በኋላ መልሶ አቆጠቆጠ፤ ከሱ ጋር ዝንቧም ተመለሰች። በ1980ዎቹ ጦርነት ሕዝቡን ሲያፈናቅለው በሽታው ወደማያውቀው ሕዝብ ገባ። ከ1984 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሰው እንዳለቀ አጥኚዎች ጽፈዋል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ግራሩም፣ ዋልካውም፣ ዝንቧም ብቻቸውን ይህን ሁሉ ሰው አልጨረሱም። ሕዝብ ተፈናቀለ፣ ተራበ፣ ሐኪም አጣ፤ እልቂቱ ያን ጊዜ መጣ።

የይፋግም ነገር ከዚህ አይርቅም። ግራሩ ከጥንት የነበረ ነው፣ ዋልካውም እንዲሁ። ነገር ግን የሜዳው ወጣት መሬት ሲያጥረው በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። እርሻ ላይ ሜዳ ያድራል፣ በደንብ አይበላም። ታሞ ሲመለስ ተሕዋሱን በደሙ ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያዎች ወረርሽኙን በዋናነት የሚያያይዙት ከዚህ ምልልስ ጋር ነው። በሽታው ራሱን የሚያሳየው ከተነከሱ ከወራት በኋላ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ሚያዝያ ላይ የተነከሰ ሰው መስከረም ላይ ሲተኛ፣ የሚያዝያው የቀትር እንቅልፍ ትዝ አይለውም።

እንግዲህ ግራሩ ይቆረጥ? እኔ በፍጹም አልልም። ዛፉ ቢነሣ ስንጥቁ አይነሣም፤ ዝንቧም ምስጥ በሠራው ኩይሳና በግድግዳ ስንጥቅ መጠለያ ታገኛለች። ሜዳው ግን መኖውን፣ ማገዶውንና የአፈሩን ለምነት ያጣል። ጥላ የሌለው እረኛም ከፀሐይ መሸሸጊያ የለውም። ከዛፉ ጋር መጣላት ለባለሥልጣን የሚታይ ሥራ ይመስላል፣ የሚጎዳው ግን ድሃውን ነው።

የሚበጀው ሌላ ነው። በበጋ፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ በተሰነጠቀ ዋልካ ላይ በባዶው መጋደም መቅረት አለበት፤ ማረፍ ግድ ከሆነ ስንጥቅ የሌለበትን ቦታ መርጦ፣ እጅና እግርን ሸፍኖ ነው። ደጅ የሚያድር ሰው መድኃኒት የተነከረ አጎበር ያስፈልገዋል፤ ዝንቧ ትንሽ ስለሆነች ተራው አጎበር ላያቆማት ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት የወባ መድኃኒት ተወስዶበትም ካልለቀቀ፣ ሆድም ካበጠ፣ ካላዛር ይሆን ብሎ መጠየቅ የበሽተኛውም የባለሙያውም ድርሻ ነው። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚለይ ምርመራ አለ። ሕክምናውም ቀድሞ 30 ቀን ይፈጅ የነበረው መርፌ፣ ሁለት መድኃኒት በማጣመር ወደ 17 ቀን ወርዷል። አሁንም 17 ቀን ከማሳ መራቅ ለድሃ ገበሬ ከባድ ነውና፣ ምርመራው ለይፋግ ሰው በደጁ፣ ለቆላ ሠራተኛው ደግሞ ሳይወርድና ሲመለስ ሊደርሰው ይገባል።

ግራር ሜዳውን ሲያገለግል ኖሯል፤ በወረርሽኙ ዘመንም ያደረገው ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው፣ ጥላውን ለመጣ ሁሉ መስጠት። ጥላው ሥር ለሚያርፈው ሰው መጠንቀቅ የዛፉ ሥራ ሳይሆን የእኛ ነው።