ገደብ ካለው ፖከር ወደ ገደብ የለሽ ፖከር፤ ተሸጋሪው ተጫዋች ከየትኛው የጨዋታ ዓይነት ይጀምር?

በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ገደብ ያለውን ፖከር ለምዶ ኋላ ወደ ገደብ የለሹ የሚሸጋገር ተጫዋች ከየትኛው የጨዋታ ዓይነት ቢጀምር ይሻለዋል? የሚል ነው። በአንድ ሥርዓት ትክክል የነበረ ልማድ በሌላው ሥርዓት እንዴት ጥፋት እንደሚኾን ስለሚያሳይ ጥያቄው የሒሳብንና የኤኮኖሚን ተማሪዎች ይመለከታል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥያቄው አመጣጥ

በላስ ቬጋስ የዓለም የፖከር ውድድር በ1970 ሲጀመር ዋናው ጨዋታ ብዙ ሳይቆይ ገደብ የለሽ ኾነ፤ ነገር ግን በአሜሪካ የቁማር ቤቶች በየቀኑ የሚበዙት ጠረጴዛዎች ለረዥም ጊዜ ገደብ ያላቸው ነበሩ። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የማጣሪያ ጨዋታ ገብቶ ከ839 ተወዳዳሪዎች አንደኛ በመውጣት 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸለመ። ወሬውም በቴሌቪዥን ስለ ተሰማ ሕዝቡ ወደ ገደብ የለሹ ጎረፈ፤ በ2006 የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር 8,773 ደረሰ። ገደብ ባለው ጨዋታ ያደገው ተጫዋችም ጠረጴዛው እየተመናመነበት ስለ ሄደ ለመሸጋገር ተገደደ።

የሁለቱ ጨዋታዎች ልዩነት

የምንናገረው ቴክሳስ ሆልደም ስለሚባለው ፖከር ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 2 ካርታ በስውር ይታደለዋል፤ 5 ካርታዎች ደግሞ ለሁሉ የጋራ ኾነው በጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ 3 በአንድነት፣ ቀጥሎ 1፣ በመጨረሻም 1። ገንዘብ የሚያዘው በ4 ዙር ነው።

ገደብ ባለው የ2 እና የ4 ዶላር ጨዋታ በመጀመሪያዎቹ 2 ዙሮች በ2 ዶላር፣ በኋለኞቹ 2 ዙሮች በ4 ዶላር ልክ ብቻ ይያዛል። በአንድ ዙር እንደ ልማዱ አንድ ማስያዝና ሦስት መጨመር ይፈቀዳል። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ እጅ ካርታ ሊያጣ የሚችለው ቢበዛ 8፣ 8፣ 16 እና 16፣ በድምሩ 48 ዶላር ነው። ገደብ በሌለው ጨዋታ ግን ተጫዋቹ ፊቱ ያለውን ሁሉ በማናቸውም ጊዜ ማስያዝ ይችላል። ካርታ ከመታየቱ በፊት የሚከፈለው የግዴታ መያዣ በሁለቱም ጨዋታዎች 1 እና 2 ዶላር ሊኾን ይችላል፤ ኾኖም በገደብ የለሹ ጠረጴዛ 200 ዶላር ይዞ የተቀመጠ ሰው 200ውን በአንድ እጅ ሊያጣ ይችላል። በመግቢያ ላይ ተመሳሳይ የሚመስለው ጨዋታ በመውጫው ከ4 እጥፍ በላይ ይለያያል።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አራተኛው የጋራ ካርታ ተገልጧል፤ ሁለት ተጫዋቾች 12፣ 12 ዶላር አግብተው መሐል ላይ 24 ዶላር አለ። የእኛ ተጫዋች አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው 4 ካርታዎች አሉት፤ አምስተኛው ቢወጣለት ያሸንፋል፤ ካልወጣለት ይሸነፋል እንበል። ካላያቸው 46 ካርታዎች 9ኙ ይጠቅሙታል፤ 37ቱ አይጠቅሙትም።

ገደብ ባለው ጨዋታ ባላጋራው 4 ዶላር ያስይዛል፤ ተጫዋቹም 28 ለማግኘት 4 ይከፍላል። በ46 ጊዜ 9 ጊዜ 28 አግኝቶ 252 ይሰበስባል፤ 37 ጊዜ 4 አጥቶ 148 ይከስራል፤ ስለዚህ መክፈሉ ትክክል ነው። ገደብ በሌለው ጨዋታ ባላጋራው 24 ዶላር ያስይዛል እንበል። አሁን 9 ጊዜ 48 አግኝቶ 432 ይሰበስባል፤ 37 ጊዜ 24 አጥቶ 888 ይከስራል። ጉድለቱ 456 ነው፤ ይህንንም ለመሙላት ካርታው በወጣ ቍጥር ከባላጋራው 51 ዶላር ያህል ተጨማሪ ማግኘት አለበት።

በመጨረሻው ዙርም እንዲሁ ነው። መሐል ያለው ገንዘብ ከሚከፈለው 10 እጥፍ ሲኾን ከ11 ጊዜ 1 ጊዜ ማሸነፍ ይበቃል፤ ስለዚህ የገደብ ተጫዋች «ልየው» ብሎ መክፈልን ይለምዳል። ባላጋራው በመሐል ያለውን ያህል ሲያስይዝ ግን ከ3 ጊዜ 1 ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል። ተሸጋሪውን የሚያከስረው ይህ የቀድሞ ልማድ ነው።

የኮምፒዩተር ጥናትም ይህንኑ ስፋት ያመለክታል። በ2015 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ገደብ ያለውን የሁለት ሰው ሆልደም በተግባር መፍታታቸውን ገለጡ፤ የውሳኔዎቹ ብዛት ከ300 ትሪሊዮን በላይ ነው። ለኮምፒዩተር ውድድር በተወሰነው ገደብ የለሽ ዓይነት ግን ብዛቱ ከ1 ቀጥሎ 160 ዜሮ ከሚጻፍበት ቍጥር ይበልጣል። በ2017 ሊብራቱስ የተባለው የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም በ120,000 እጅ 4 ባለሙያዎችን አሸነፈ፤ ማሸነፍና ሙሉ በሙሉ መፍታት ግን የተለያዩ ናቸው።

የምርጫው ዓይነቶች

1ኛ፤ በሙሉ ገንዘብ የሚገባበት ጠረጴዛ። ተጫዋቹ የትልቁን የግዴታ መያዣ 100 እጥፍ፣ ማለት 200 ዶላር ይዞ ይቀመጣል። በምሳሌአችን ባላጋራው 24 ካስያዘ በኋላ 164 ይቀረዋል፤ ስለዚህ 51 ዶላሩ ይገኝ ይኾናል፤ ይገኝ እንደ ኾነ ለማወቅ ግን የባላጋራን ጠባይ ማንበብ ያሻል። ይህ ተሸጋሪው ገና ያልተማረው ጥበብ ነው።

2ኛ፤ በአነስተኛ ገንዘብ የሚገባበት ጠረጴዛ። 40 እጥፉን፣ ማለት 80 ዶላር ይዞ የሚገባ ሰው በዚያው ምሳሌ 24ቱን ቢከፍል 44 ብቻ ይቀረዋል። በሁለት ሰዎች መካከል የሚቈጠረው ከሁለቱ ያነሰው ገንዘብ ስለ ኾነ ባላጋራው የቱንም ያህል ቢይዝ 51 አይገኝም፤ ካርታውን መጣል እንዳለበት ያለ ጥርጥር ያውቃል።

3ኛ፤ የአንድ ጠረጴዛ ውድድር። 10 ሰዎች 10፣ 10 ዶላር ከፍለው ይገባሉ፤ 1ኛው 50፣ 2ኛው 30፣ 3ኛው 20 ዶላር ይወስዳሉ። ጥቅሙ ኪሳራው ከመግቢያው አለማለፉ ነው። ጉዳቱ ግን ጠጠሩ ገንዘብ አለመኾኑ ነው። በተለመደው ስሌት ገና ሲጀመር አንዱን አስወጥቶ ጠጠሩን እጥፍ ያደረገ ሰው ድርሻው 20 ዶላር ሳይኾን 18.44 ዶላር ነው። ስለዚህ ሁሉን ለማስያዝ 50 ሳይኾን ከመቶ 54 ያህል የማሸነፍ ዕድል ያስፈልገዋል። እዚህ የሚለመደው ጥንቃቄ በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ትርፍን ያስቀራል።

4ኛ፤ ትልቁ ውድድር። ሽልማቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ስለሚከማች ጥሩ ተጫዋች እንኳ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ስሕተቱንና ዕድሉን ለመለየት ረዥም ጊዜ ይፈጅበታል።

የሰዎቹም ቍጥር ይታሰብ። 9 ሰዎች ባሉበት ጠረጴዛ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ መታገሥ ይቻላል፤ ይህም የገደብ ተጫዋች ዋና ችሎታ ነው። 6 ወይም 2 ሰዎች ሲኾኑ የግዴታው መያዣ ቶሎ ቶሎ ስለሚደርስ በደካማ ካርታ ብዙ ጊዜ መግባት ግድ ይኾናል።

ማጠቃለያ

በእኛ አስተያየት ተሸጋሪው 9 ሰዎች ባሉበት የጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ፣ በ40 እጥፍ መግቢያ ቢጀምር ይሻላል፤ ቤቱ የሚፈቅደውን ዝቅተኛ መግቢያ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። 480 ዶላር ያለው ሰው ገደብ ባለው ጨዋታ 10 እጅግ ክፉ እጆችን ይችላል፤ በ80 መግቢያ 6፤ በ200 መግቢያ ግን 2 ብቻ። ትምህርቱ ሳያልቅ የትምህርቱ ገንዘብ እንዳያልቅ ያስፈልጋል።

ይህ ምርጫ ዋጋ አለው፤ አነስተኛ ገንዘብ የባለሙያውን ትርፍም ያሳንሳል። ስለዚህ ተጫዋቹ በመጨረሻው ዙር የመክፈል ልማዱን ሲተው ወደ 100 እጥፉ ሊያድግ ይገባዋል። በ6 ሰው የገደብ ጠረጴዛ የኖረ በዚያው ቍጥር ቢቀጥል አይጎዳም፤ የተወሰነች ገንዘብ ብቻ ያለችው ደግሞ የአንድ ጠረጴዛውን ውድድር ቢመርጥ አናወግዘውም። ለሁሉም የሚሠራው መለኪያ ግን አንድ ነው፤ ገንዘቡን ከማስያዙ በፊት በአንድ እጅ የሚያጣው ከፍተኛው ልክ ስንት እንደ ኾነ ይቍጠር።