የጋይንት ተመራቂዎች፣ ወደ መንግሥት ምርምር በየት በኩል ይገባል?

አርብ ገበያ፣ ስማዳና እስቴ ሆናችሁ በአፈር፣ በውኃ ሀብት ወይም በደን የተመረቃችሁ፣ «ያለ ዘመድ አይገባም» የሚለውን ወሬ ለጊዜው ተዉት። ወረታ ላይ የፎገራ ሩዝ ምርምር አለ፤ አዴትና ጎንደር ላይ ደግሞ መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ማዕከላት አሉ። የቅጥር ማስታወቂያው ላይ «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውን መደብ ፈልጉ፤ የእናንተ እሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቃችሁ የመውጫ ፈተናውን ማስረጃም አትርሱ።

ብዙ ሰው የሚንቀው በር ግን የመስክ መረጃ ሰብሳቢነት ነው። ለምሳሌ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በ1981 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ማይባር፣ አንዲት ጥድና አንጀኒ በሚባሉ ቦታዎች የምርምር ጣቢያ ከፈተ። እዚያ ወንዙ ሲደፈርስ ሠራተኛው ጠርሙስ ይዞ ይወርዳል፤ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ይቀዳል፣ ይጣራል፣ ደለሉ ደርቆ ይመዘናል። ዝናቡ ሌሊት ከጣለም ሥራው ሌሊት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ጊዜያዊ፣ ክፍያውም ትንሽ ነው፤ አልሸፋፍንላችሁም። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን የምታወሩት ነገር ይኖራችኋል።

ገና ተማሪ የሆናችሁ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከሌላ ቦታ ከምትገለብጡ፣ የገዛ ቀበሌያችሁን እርከን ለኩ። ለምዝገባ ስትሄዱ ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም ያዙ፤ በአንድ ወረቀት ምክንያት ከባሕር ዳር መመለስ የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻ ያስለቅሳል።