የሕግ ተማሪዎች ያለ ክፍያ የሚያገለግሉት ለምንድን ነው?

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ኢንቴልንና የሱጋት ስኳርን የመሰሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች አሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ጽዳትና ጥበቃ ብዙውን ጊዜ በካብላን በኩል ነው። ወር ሲያልቅ ትሉሽ ይመጣል፤ ዕብራይስጡ ስለሚከብድ ሳያነበው የሚያስቀምጠው ብዙ ነው።

ሕጉ ግን ለሠራተኛውም ቆሟል። ዓመት ሠርቶ የተባረረ ሰው ፒጹዪም ይገባዋል፤ ይህ በፈረንጅ 1963 በሕግ ጸንቷል። ከመባረሩ በፊትም ቃሉ መሰማት አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ ግን 7 ዓመት ካለፈው በፍርድ ቤት ማግኘት ይከብዳል።

በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች በጠበቃ እየተመሩ የሠራተኞችን ጉዳይ በነፃ ያያሉ። እርግጥ ለትምህርታቸው ነጥብ ያገኙበታል። ከማኅበረሰባችን ለወጡት ተማሪዎች ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙዎቹ ከቢቱዋሕ ለኡሚ የመጣውን ደብዳቤ ለወላጆቻቸው እያስተረጎሙ ነው ያደጉት። በ2000 የተመሠረተው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅትም የቤተ እስራኤልን መብት በሕግ ለማስከበር የቆመ ነው።

ሽማግሌ የተጣላን ሲያስታርቅ ዋጋ አይጠይቅም። ልጆቹም ያንኑ ወግ በሕግ መንገድ ይዘውታል። እናንተም ትሉሹን አትጣሉት፤ ነገ ማስረጃ የሚሆነው እሱ ነው።