ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንድ ኪኒን

ለቡ መብራት ኃይል፣ ከአንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ተያይተው የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። ሁለቱም ጥርሳቸውን ተነቅለው ለሕመሙ ኮዴይን የተባለው ማስታገሻ በአንድ ልክ ታዘዘላቸው። በማግሥቱ አንደኛው «ውሃ የጠጣሁ ያህል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳቃስት አደርሁ» ይላል። ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ጥሎት፣ ትንፋሹ እየቀጠነ ሄዶ፣ ቤተ ሰቡ ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። ፋብሪካው አንድ፣ ልኩ አንድ፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከጉበታቸው ነው።

ጉበት ከምግብ፣ ከመድኃኒትና ከጢስ ጋር የሚገባውን ባዕድ ነገር እየለዋወጠ በሽንት እንዲወጣ ያዘጋጃል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው፤ የእያንዳንዱም ኢንዛይም አሠራር ከእናትና ከአባት በወረስነው ዘረ መል ተጽፎ ይገኛል። ፒ 450 የተባለው የኢንዛይም ወገን ብቻ በሰው ዘንድ 57 የሚሠሩ ዘረ መሎች አሉት።

ከነዚህ ብዙዎቹ፣ የሰፈሩን ስም ልዋስና፣ እንደ መብራት ማብሪያ አላቸው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠውን ሪፋምፒሲንን ይመልከቱ። መድኃኒቱ ሲገባ በጉበት ሕዋስ ውስጥ እንደ ዘበኛ የሚጠባበቅ አንድ ፕሮቲን ይይዘዋል፤ ይዞትም ዘረ መሉ ዘንድ ሄዶ ያበራዋል፤ ኢንዛይሙም ይበዛል። ስለዚህ ሪፋምፒሲን የምትወስድ ሴት የምትውጠው የወሊድ መከላከያ ኪኒን ፈጥኖ እየጠፋ ከንቱ ሊሆንባት ይችላል። (ሐኪሟ ሳይነግራት ቀርቶ እንደ ሆነ ሳታፍር ትጠይቀው።) ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም የቡናው ኃይል ቶሎ የሚለቀው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው።

የሁለቱን ጎረቤታሞች ነገር የፈጠረው ዘረ መል ግን ከዚህ ጠባይ የወጣ ነው። ስሙ ሲዋይፒ 2ዲ6 ይባላል፤ መቀመጫውም ክሮሞሶም 22 ነው፤ ከአጠገቡ ሥራ ያቆሙ ሁለት ዘመዶቹ ተጋድመዋል። የቤት አይጥ ከዚህ ወገን ዘጠኝ የሚሠሩ ዘረ መሎች ሲኖሯት ሰው የቀረው አንዱ ብቻ ነው። ይህም አንዱ ማብሪያ የለውም፤ መድኃኒት ቢበዛበትም ሥራውን አያበረታም። ታዲያ ማብሪያ የሌለው ዘረ መል ብዙ ኢንዛይም እንዲሰጥ ቢፈለግ ምን መንገድ አለ? አንድ ብቻ፤ ዘረ መሉ ራሱ ተገልብጦ መደገም ነው።

የእኛ አገር ሰው ታሪክ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። በስዊድን አገር በካሮሊንስካ ተቋም የምትሠራው ኢትዮጵያዊቷ ሊቅ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29 የሚሆኑት ይህን ዘረ መል ተደጋግሞ ይዘውት ተገኙ፤ በአንድ ክሮሞሶም ላይ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ እስከ አምስት ቅጂ ድረስ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ዓይነቱ ሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ስለዚህ በሌላ አገር ሰው ሰውነት ተለክቶ የተጻፈ የመድኃኒት መመሪያ ለእኛ ሁልጊዜ ልክ ላይሆን ይችላል።

ኮዴይን ራሱ ብዙ ኃይል የለውም። ይህ ኢንዛይም ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ሕመም የሚያስታግሰው። ቅጂው የበዛለት ሰው ከተለመደው በላይ ሞርፊን ያወጣል፤ ትንፋሽ የሚያቀጥነው እሱ ነው። ዘረ መሉ የተበላሸበት ሰው ደግሞ ምንም አያወጣም፤ ሕመሙን ታቅፎ ያድራል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ያገደው በዚህ ምክንያት ነው። በሌሎች መድኃኒቶች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ለድባቴ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን በፈጣኖቹ ሰውነት ውስጥ ቶሎ እየጠፋ ሕመምተኛው «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል፤ ሰሚው ደግሞ «ሳይውጠው ቀርቶ ነው» ብሎ ያማዋል። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ሐሜት ነው።

ቅጂው በእኛ ዘንድ ለምን በዛ? ማግኑስ ኢንገልማን ሱንድበርግ የተባሉት ስዊድናዊ ሊቅ አንድ ግምት ሰንዝረዋል። ኢንዛይሙ በተለይ በዕፀዋት ውስጥ የሚገኙትን መራራ መርዞች ስለሚያረክስ፣ በጥንት ዘመን በረኀብ ጊዜ ያገኙትን ቅጠልና ሥር መብላት የቻሉት ቅጂው የበዛላቸው ሰዎች ሳይተርፉ አልቀሩም ይላሉ። ግምት ነው፤ ነገር ግን ክፉ ቀን በሚያውቅ አገር ለሚኖር ሰው ለመረዳት አያስቸግርም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እነእሌኒ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን በስዊድን ከሚኖሩት ጋር ሲያስተያዩ፣ ዘረ መላቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ እዚህ ያሉት ኢንዛይም ሥራው ቀርፎ ተገኘ። ከኑሯችን ወይም ከምግባችን የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣ ጥናት አንዱ ተጠርጣሪ ተገኘ። ፈቃደኛ የሆኑ ኢትዮጵያውያን ወንዶች ጫት ከመቃማቸው በፊትና ከቃሙ በኋላ በሳል መድኃኒት ሲፈተኑ፣ ጫቱ ይህንኑ ኢንዛይም አድክሞት ተገኘ። ስለዚህ ያ ፈጣኑ ጎረቤት ከሰዓት በኋላ እየቃመ ኪኒኑን ቢውጥ ኖሮ፣ የዚያን ዕለት ከቀርፋፋው ወገን ሊቀላቀል ይችል ነበር።