ጎተራና ምድጃ በአንድ ክፍል

ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ትምህርት ብዙ ክርክር ይደረጋል። ማድ ቤትን የሚያነሣ ግን የለም። ይሁን እንጂ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ በኮልፌ ቀራንዮ ከወላጆቻችን ጋር ተቀምጠን በምንማረው በእኛ ቤት የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ጤናና ጊዜ የሚያልቀው በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ማድ ቤት ለምን እንደሚጨናነቅና እንዴት መልክ እንደሚይዝ ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን።

መጨናነቁ ከስንፍና የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ የቀበሌ ቤት በተባሉት ብዙ ግቢዎች አንዱን ማድ ቤት ብዙ ቤተ ሰብ በጋራ ሲጠቀምበት ኖሯል። በኋላ የመጣው ኮንዶሚኒየም ለየቤተ ሰቡ የራሱን ማብሰያ ሰጠ፤ ነገር ግን ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ ሌላ የጋራ ቤት በግቢው መሥራት አስፈልጓል። ሁለተኛው ምክንያት ማድ ቤቱ ጎተራም መሆኑ ነው። ጤፍ በኩንታል ይገዛል፤ በርበሬና ሽሮ ለወራት ይዘጋጃል፤ ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ጄሪካኑ ይደረደራል። እንግዲህ ጎተራው ምድጃውን ወረረው ማለት ነው።

ከውጭ አገር የሚመጣው ምክር «ዓመት ያልነካኸውን ዕቃ ጣል» ይላል። ውሃ በየሰዓቱ፣ ሱቅ በየደጁ ላለው ሰው ይሆን ይሆናል። ለእኛ ግን የተከማቸው ሁሉ የክፉ ቀን ስንቅ ነው። ይልቅስ የሚጠቅመን የኦስትሪያዊቷ አርኪቴክት የማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ ዘዴ ነው። እርሷ እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፉርት ሠራተኞች ቤት ወርዱ 1.9፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር የሆነ ማድ ቤት ስትነድፍ በመጀመሪያ ያሰበችው ስለ አብሳይቱ እርምጃ ነበር፤ እጅ የሚፈልገው ዕቃ ሁሉ በአጠገብ እንዲሆን አደረገች። በዚህ ዐይነት 10,000 ያህል ማድ ቤቶች ተሠሩ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ እውነት ነው። የሠራተኛዋን ድካም ግን ይቀንሳል።

እንግዲህ የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ መስኮቱን ማስለቀቅ። ጆንያና ካርቶን መስኮት ሲጋርድ ጢሱ መውጫ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ከሰል ደግሞ ጢሱ ቢጠፋም ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ያወጣል። ስለዚህ ፍም ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ለሞት ያደርሳል።

2ኛ፤ ዕቃውን በሦስት መክፈል። ዝናብ በሌለበት ቀን ሁሉንም ወደ ደጅ አውጥቶ የየዕለቱን፣ የየሳምንቱንና የዓመት በዓሉን መለየት ነው። የየዕለቱ ድስት፣ ማማሰያና ጨው ከጉልበት እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ፣ ከምድጃው አጠገብ ይሁን። ሰፌዱ፣ አክንባሎውና ቡሃቃው ራቅ ይበሉ። የዓመት በዓሉ ጋንና ትልቅ ድስት ከማድ ቤት ይውጣ። ለድግስና ለለቅሶ የሚሆነውን ትልልቅ ድስት ብዙ ዕድር አለውና እያንዳንዱ ቤት ሊያከማች አይገባውም።

3ኛ፤ እህሉን ከእሳቱ ማራቅ። ከአጠና ተራ በሚገዛ ጥቂት እንጨት ርብራብ ተሠርቶ ጆንያው ከወለሉም ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ቢርቅ እርጥበቱ አያገኘውም፤ አይጥ ቢገባም ቶሎ ይታያል። አዲስ ሲገዛ አሮጌው ወደ ፊት ይውጣ።

4ኛ፤ ውሃን፣ ኤሌክትሪክንና መርዝን ማስተካከል። ጄሪካኑ በበር አጠገብ ይቁም፤ ቀድሞ የተቀዳው ቀድሞ ይጠጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰካ። በረኪና በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን የሚያውቀው ጠርሙሱን ነውና።

5ኛ፤ ማድ ቤቱ የጋራ ከሆነ ጎረቤቶች በየግድግዳውና በየመጋገሪያው ቀን ተስማምተው በወረቀት ጽፈው በበሩ ላይ ይለጥፉ።

በዚህ ሁሉ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። እናት ሳትጠየቅ አንዲት ማሰሮ እንኳ ከቦታዋ አትነሣ፤ የክፍሉ ባለ ሙያ እርሷ ናትና። የእኛ ድርሻ ኩንታሉን መሸከም፣ ርብራቡን መምታትና ውሃውን መቅዳት ነው። ይህም የወንድሞች ሥራ መሆኑን አጥብቀን እናሳስባለን። እኅታችንም እንደ እኛው ሰኞ ፈተና አለባት።