ስኳር ድንቿን ከባሕር ማዶ የምትጠብቅ ደሴት

በካሪቢያን ባሕር አካባቢ በምትገኘው በባርባዶስ ቅዳሜ የ«ፑዲንግ ኤንድ ሳውስ» ቀን ነው። ሳውስ የሚባለው በሎሚና በቃሪያ የተዘፈዘፈ የአሳማ ሥጋ ነው። የአሳማውን ነገር እንተወውና፣ ፑዲንግ የሚሉት በቅመም ታሽቶ በእንፋሎት የበሰለ ስኳር ድንች ነው፤ ወላይታ ወይም ሲዳማ የኖረ አንባቢያችን በሚገባ የሚያውቀው ያው ስኳር ድንች። በኅዳር ወር የነጻነት በዓል ሲከበርም ከበቆሎ ዱቄት፣ ከዱባና ከኮኮናት ጋር ተለውሶ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ «ኮንኪ» ይሆናል። ታዲያ የአገር መለያ የሆነው ይህ ምግብ ከፊሉ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ለምን?

ባርባዶስ ስፋቷ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧም ከ300 ሺህ በታች ነው። እንግሊዞች በ1627 እ.ኤ.አ. ከሰፈሩባት በኋላ፣ ከ1640ዎቹ ጀምሮ መሬቷ ለሸንኮራ አገዳ ዋለ። ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ያለሙት አገዳ ለውጭ ገበያ እንጂ ለአገሬው ድስት አልነበረም። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምግብ የሚያመጣው መርከብ እንደልብ አልደርስ ሲል፣ መንግሥት ባለርስቶቹን ከእርሻቸው የተወሰነውን ለምግብ ሰብል እንዲያውሉ አስገደዳቸው። ጦርነቱ ሲያልፍ ግን አገዳው ተመለሰ፤ ቀጥሎም ቱሪዝም መጣ።

ጉድለቱን ከሚሞሉት አንዷ በምዕራብ በኩል ከ200 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ያለችው ሴንት ቪንሰንት ናት። እሳተ ገሞራ የፈጠረው አፈሯ ለም ነው። ቀድሞ የምትታወቀው ለእንግሊዝ በምትሸጠው ሙዝ ነበር። አሜሪካና አራት የላቲን አሜሪካ አገሮች የአውሮፓን የሙዝ ንግድ ደንብ በዓለም ንግድ ድርጅት ከስሰው በ1997 ሲረቱ የሙዙ ገበያ ተዳከመ፤ ብዙ ገበሬም ፊቱን ወደ ጎደሬና ወደ ስኳር ድንች አዞረ። ምርቱን ከገበሬው ገዝተው ወደ ትሪኒዳድና ወደ ባርባዶስ በመርከብ የሚያሻግሩትን ነጋዴዎች አገሬው «ትራፊከርስ» ይላቸዋል። ስማቸው ያስደነግጥ እንጂ ሸቀጣቸው ንጹሕ ነው።

የባርባዶስ ገበሬ በበኩሉ መከራው ብዙ ነው። የጉልበት ዋጋ ውድ ነው። በባሪያ ንግድ ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ጦጣዎች ሰብሉን ይፈጁበታል፤ ጦጣ የተወውን ሌባ ይወስድበታል። «ስካራቢ» የሚሉት ነቀዝ የበሳው ስኳር ድንች ደግሞ መራራ ስለሚሆን አይበላም። በዚህ ሁሉ ላይ፣ የእሱ ምርት በደረሰበት ሰሞን የጎረቤት ስኳር ድንች ወደብ ላይ ሲራገፍ ዋጋው ይወድቅበታል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንደሚባለው፣ ከሴንት ቪንሰንት መግዛቱ በራሱ ነውር አይደለም። ገንዘቡ ለወንድም አገር ገበሬ ይደርሳል። የካሪኮም አባል አገሮችም ከውጭ የሚያስገቡትን ምግብ እስከ 2025 በ25 በመቶ ለመቀነስ ተስማምተው ነበር፤ አልደርስ ሲላቸው ቀኑን ወደ 2030 ገፉት። እርስ በርስ መገበያየት ለዚህ ዓላማ ይረዳል።

ይሁን እንጂ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ኤፕሪል 9 ቀን 2021 የሴንት ቪንሰንቱ ላ ሱፍሪዬር ተራራ ፈነዳ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሰሜኑ የደሴቲቱ ክፍል ሸሹ፤ ማሳው በአመድ ተቀበረ። አመዱ ባሕሩን ተሻግሮ የባርባዶስን ሰማይ አጨለመ። ሻጭና ገዢ በአንድ ቀን ተመቱ።

እዚህ ላይ የስኳር ድንችን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። እንደ ጤፍ በጎተራ የሚያስቀምጡት ዘር የለውም። የሚተከለው ከቆመ ማሳ ላይ የተቆረጠ ሐረጉ ነው፤ ለመድረስም አራት ወር ግድም ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ከስሮ እርሻውን የሚተው ገበሬ የዘንድሮውን ምርት ብቻ ሳይሆን የነገውንም ዘር ይዞ ይሄዳል። የአገሬው ምርት ሲጎድል በሩን ከፍቶ፣ ሲደርስ ገታ ማድረግ የሚጠቅመው ለገበሬው ኪስ ብቻ አይደለም። ተራራው ዳግም ተቆጥቶ መርከቡ የቀረ ዕለት፣ እንደ ጦርነቱ ዘመን «ትከሉ» የሚል ትእዛዝ ቢወጣ፣ ሐረጉ ከየት ይቆረጣል?