የአንጎል መመንመን ሁሉ የመርሳት በሽታ ነው?

እናትዎ ወይም አባትዎ አንዱን ጥያቄ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ መደጋገም ጀምረው፣ ሐኪም ዘንድ ወስደዋቸው፣ የአንጎል ምስል ታዝዞላቸው ይሆናል። ውጤቱ ላይ «የአንጎል መመንመን ይታያል» የሚል ሲነበብልዎ መደንገጥዎ አይቀርም። ይሁንና ይህ ቃል ብቻውን የመርሳት በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም።

አንጎል እንደ ጡንቻ ሁሉ ከዕድሜ ጋር መጠኑ ይቀንሳል። የ75 ዓመት አዛውንት አንጎል ከ30 ዓመት ወጣት አንጎል ቢያንስ የሚጠበቅ ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው የትኛው ክፍል፣ ለዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ ምን ያህል እንደቀነሰ ነው።

በተለይ የሚታየው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል ነው። ከጆሮዎቻችን ትይዩ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ በግራና በቀኝ ይገኛል። ቅርጹ የባሕር ፈረስ ከተባለችው ዓሣ ጋር ስለሚመሳሰል ስሙን ያገኘው ከግሪክኛ መጠሪያዋ ነው። እያንዳንዱ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ መጠን ቢኖረውም፣ አዲስ ነገር ይዘን እንድናስታውስ የሚያደርገን እርሱ ነው። አልዛይመር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ክፍሎች አንዱም ይኸው ነው። በሽታው የጀመራቸው ሰው የልጅነታቸውን ታሪክ አሳምረው እያወጉ ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱት ለዚህ ነው።

ልኬቱ በሁለት መንገድ ይከናወናል። አንደኛው በዓይን ነው። ኔዘርላንዳዊው የነርቭ ሐኪም ፊሊፕ ሼልተንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1992 ባስተዋወቁት ዘዴ፣ ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። በተለምዶ ከ75 ዓመት በታች ላለ ሰው 2 እና ከዚያ በላይ፣ ከ75 በላይ ለሆነ ደግሞ 3 እና ከዚያ በላይ ጤናማ እንዳልሆነ ይቆጠራል። አንዱ ነጥብ ለአንዱ የሚያሳስብ፣ ለሌላው የዕድሜ ጉዳይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው በኮምፒውተር መጠኑን ማስላት ነው። ትልቅ ራስ ያለው ሰው ትልቅ አንጎል ስለሚኖረው ስሌቱ የራስ ቅልን ስፋት ከግምት ያስገባል። ሂፖካምፐስ በጤናማ አረጋውያን በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ፣ በአልዛይመር ሕሙማን ከ4 እስከ 5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለሆነም በጊዜ ልዩነት የተነሱ ሁለት ምስሎች ከአንዱ የበለጠ ይናገራሉ። የቀድሞውን ፊልም ወይም ሲዲ አይጣሉ፤ ቢቻል ሁለተኛውም በዚያው መሣሪያ ይነሳ።

ምስሉ ግን ፈራጅ አይደለም። አንጎላቸው መንምኖ ሒሳባቸውን ሳይሳሳቱ የሚሠሩ አሉ፤ ምስላቸው ደህና መስሎ የቤታቸው መንገድ የሚጠፋባቸውም እንዲሁ። የማስታወስ ፈተናውና ቤተሰቡ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሯቸው የሚናገረው እኩል ሊደመጥ ይገባል።

በእኔ እይታ የምስሉ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ ሊታከም የሚችል ነገር ማግኘት። አዛውንት ወድቀው ራሳቸውን ከመቱ ከሳምንታት በኋላ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ተጠራቅሞ ሊያዘነጋቸው ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ሲራመዱ እግራቸው ከመሬት አልላቀቅ የሚላቸው፣ ሽንት የሚያመልጣቸውና የሚረሱ ከሆነ ደግሞ በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሕክምና አለው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግር በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ድባቴም መርሳት ያመጣል። «ጃጅተዋል፣ እርጅና ነው» ብሎ ቤት ማስቀመጥ እነዚህን ሁሉ ያሳልፋል።

ደም መፍሰሱንና ፈሳሹን ለማየት ሲቲ ስካን ሊበቃ ይችላል፤ ለሂፖካምፐስ ኤምአርአይ ይሻላል። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ድምፁ ግን ከፍተኛ ነው፣ ሳይንቀሳቀሱ መተኛትም ይጠይቃል፤ ለአዛውንቱ አስቀድመው ይንገሯቸው። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ወይም በአካላቸው ውስጥ የቀረ ብረት ካለ ከመግባታቸው በፊት ለባለሙያው ያሳውቁ።